ከጫካው ወደ ውቅያኖሱ፦ የሰርድ ቢች መንገድ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ አጭር የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ያለው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ጫካውን ሰንጥቆ ሄዶ ሰርድ ቢች የሚባል ጸጥ ያለ የውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ያወጣል። ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ አድማጮቻችን ብዙ ናችሁ፤ ከእናንተ ዘንድ ጉዞው በመኪና አራት ሰዓት ግድም ነው። በሌላ ቦታ ሆናችሁ የምትሰሙንም ከእኛ ጋር ቆዩ፤ ስለ ውቅያኖስ ጠባይ የምናነሣው ነገር የትም ባሕር ዳር ያገለግላችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን መንገድ የመረጥኩት በምክንያት ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ከውቅያኖስ ርቀን ነው። ላንጋኖ የዋኘን፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ የበላን፣ ጣና ላይ በጀልባ ሄደን ገዳማቱን የተሳለምን እንኖራለን። ውሃ አይተናል፤ ያየነው ግን ሐይቅ ነው። ሐይቅን ማታ ከተለያችሁት ቦታ ጠዋት ታገኙታላችሁ። ውቅያኖስ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስም የተቀመጠ ሰው መኖሩን አይጠይቅም። ወደ ሰርድ ቢች የሚወስደው መንገድ በጣም ቀላል ስለሆነ ልጅም አያትም ይሄዱታል። የመንገዱ ቅለት ታዲያ መጨረሻው ላይ የሚጠብቀን ውሃም እንዲሁ ገር እንዲመስለን ያደርጋል። የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ጉዳይ ይኸው ነው፦ በመንገዱ ተደሰቱ፣ ባሕሩን ግን ቀድማችሁ እወቁት።

መነሻው ፎርክስ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወደ ላ ፑሽ መንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። መኪናችሁን አቁማችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ጫካው ይውጣችኋል። ርቀቱ መሄጃው ብቻ 1.4 ማይል ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰፋ ያለና ለጥ ያለ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወጋ ይሄድበታል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ዳርቻው ሲቃረብ ብቻ ቁልቁለቱ ጠንከር ይላል። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት መቶ ሜትር አይሞላም፤ እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ዳገት ብሎ አይጠራውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና አባቶች አብረው ካሉ ግን አንድ ምርኩዝ ያዙላቸው። ሥሩና ድንጋዩ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ ዝናብ ደግሞ እዚያ አይጠፋም።

ዝናቡን ካነሣን፣ ጫካውን እንዲህ ያገዘፈው እሱ ነው። በዚህ ጠረፍ በዓመት ወደ 2,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የሚዘንበው በመኸርና በክረምታቸው ነው። በጋቸው ደረቅ ቢሆንም ከውቅያኖሱ የሚነሣው ጉም ዛፎቹን ያረጥባቸዋል። ግንዱ ሁሉ ሞስ የሚባለውን አረንጓዴ ሽበት ለብሷል፤ ከቅርንጫፉም እንደ ጺም የሚንጠለጠል የዛፍ ሽበት ታያላችሁ። እግር ሥር ያለው ከጉልበት በላይ የሚደርስ፣ ፈርን የሚባል ቅጠላም ተክል ነው።

ዛፎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ሲትካ ስፕሩስ፣ ሄምሎክና ሬድ ሲዳር። ወደ ባሕሩ በቀረባችሁ መጠን ስፕሩሱ ይበዛል፤ ምክንያቱም ነፋስ ከባሕር የሚያመጣውን ጨው ከሌሎቹ የበለጠ ይችላል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ይዋጋል፤ ቅርፊቱም እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ ይላጣል። እንጨቱ ቀላልም ጠንካራም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ከእንጨት ይሠራ ስለነበር፣ የአሜሪካ ጦር በ1917 ወታደሮችን ወደዚህ አገር ልኮ ስፕሩስ ያስቆርጥ ነበር። በእነዚህ ዛፎች ሥር የሚያልፍ ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። የፓርኩ ዋና ክፍል በ1938 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ይህ የባሕር ዳር ክፍል ደግሞ በ1953 ተጨመረበት። በ1981 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይህን ክብር ከሰሜን ተራሮቻችን ጋር ይጋራል።

ከመንገዱ ዳር የወደቀ ትልቅ ግንድ ስታገኙ ቆም በሉ፤ ልጆች ካሉ ጎንበስ ብለው ይዩት። ግንዱ ሞቷል፤ ጀርባው ላይ ግን ጣት የሚያካክሉ የሄምሎክ ችግኞች ተሰልፈው ታገኛላችሁ። መሬቱ በፈርንና በሽበት ስለተሸፈነ ዘር ቢወድቅበት ብርሃን አያገኝም። የወደቀው ግንድ ከመሬት ከፍ ያለና እርጥበት የያዘ በመሆኑ ዘሩ እሱ ላይ ይበቅላል። እያደገ ሲሄድ ሥሩን በግንዱ ግራና ቀኝ አውርዶ መሬት ይይዛል። ብዙ አሥርት ዓመታት ሲያልፉ አሮጌው ግንድ በስብሶ ይጠፋል፤ ያደገው ዛፍ ግን ሥሮቹን እንደ እግር ከፍቶ ቆሞ ይቀራል፤ በሥሮቹ መካከል ልጅ ሊሾልክ የሚችልበት ቀዳዳ ይተርፋል። በዚህ ጫካ ውስጥ ሰው የተከላቸው ይመስል በቀጥታ መስመር የቆሙ ትልልቅ ዛፎችን የምታዩትም ለዚህ ነው። ከዛሬ ብዙ ዘመን በፊት አንድ ግንድ በዚያ መስመር ተጋድሞ ነበር።

በእርጥብ ቀን መንገዱ ላይ ቢጫ ወይም የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ቅርፊት የሌለው ትልቅ ቀንድ አውጣ ታያላችሁ። ባናና ስላግ ይሉታል፤ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የረገፈ ቅጠልና እንጉዳይ እየበላ መልሶ አፈር ያደርገዋል። እንዳትረግጡት።

የጫካው ድምፅ ለብቻው መነገር አለበት፤ እኛ በድምፅ የምንኖር የሬዲዮ ሰዎች ነንና። ሽበቱና ፈርኑ ድምፅ ስለሚውጡ አስፋልቱን እንደተዋችሁ የመኪናው ጩኸት ይቆረጣል። በዚሁ ፓርክ ሆህ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ድምፅ በመቅዳት ሥራው የሚታወቀው ጎርደን ሄምፕተን በ2005 አንዲት ትንሽ ቀይ ድንጋይ በአንድ ግንድ ላይ አስቀምጦ፣ ያችን ቦታ ከሰው ሠራሽ ጩኸት ነፃ እናድርጋት ብሎ ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ ዛሬም አልጠፋም፤ በአካባቢው የባሕር ኃይል ጄቶች ይለማመዳሉ። ሆኖም በሰርድ ቢች መንገድ ግማሹን ያህል ሄዳችሁ ዝም ብትሉ፣ ከፊታችሁ የማያቋርጥ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ትሰማላችሁ። ውቅያኖሱ ነው። ገና አይታይም። ከዚያ በኋላ ልጆች መሮጥ ይጀምራሉ፤ እዚያ ላይ ነው እጃቸውን መያዝ ያለባችሁ።

ምክንያቱም ጫካው ሲያልቅ መጀመሪያ የምታገኙት አሸዋ ሳይሆን የግንድ ክምር ነው። ወንዞች ከጫካው ነቅለው ባሕር የጨመሯቸው፣ ባሕሩም ነጭ አድርጎ መልሶ የተፋቸው ግንዶች በዳርቻው ጥግ ተደራርበው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ ከቆመ ሰው ቁመት የሚበልጥ ውፍረት አላቸው። ዳርቻው ላይ ለመውረድ በእነሱ ላይ ወይም በመካከላቸው መሻገር ግድ ነው። ውሃው ርቆ በሄደበት፣ ባሕሩ በረጋበት ቀን ቀስ ብሎ መሻገር አያስቸግርም። ውሃው ሞልቶ ግንዶቹን በሚነካበት ሰዓት ግን አጠገባቸው መድረስ የለባችሁም። ብዙ ቶን የሚመዝን ግንድ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ውሃ እንኳ ሊንቀሳቀስና ሊንከባለል ይችላል። በዚህ ጠረፍ እንዲህ ያለ ግንድ ሰው ገድሎ ያውቃል። ልጆች ግንድ ላይ መዝለል ይወዳሉ፤ ከመፍቀዳችሁ በፊት አሸዋውን እዩ። ግንዱ ሥር ያለው አሸዋ እርጥብ ከሆነ ውሃው በቅርቡ እዚያ ነበረ፤ ተመልሶም ይመጣል።

አሁን ወደ ውሃው መምጣትና መሄድ እንግባ። የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚመጣው ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት ነው፤ ዋናዋ ጨረቃ ናት። በዚህ ጠረፍ በአብዛኛው በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት አለ፤ ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፣ ሁለቱ ጉድለቶችም እንዲሁ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና በአዲስ መልክ በምትወለድበት ሰሞን ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱ ዝቅ ይላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ልምዳችሁ ለዚህ ሳምንት አይሆናችሁም።

ሰዓቱን የሚነግራችሁ ሠንጠረዥ አለ። ኖአ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በየቦታው ለይቶ ያወጣዋል፤ የምትፈልጉት የላ ፑሽን ነው። ነጻ ነው። አነባበቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ቀን ከፍታችሁ ጉድለት 9:30 ጠዋት፣ ቁመት -0.4፤ ሙላት 4:00 ከሰዓት፣ ቁመት 7.5 የሚል አገኛችሁ እንበል። ቁመቱ የተጻፈው በጫማ (ፉት) ነው፤ አንድ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዜሮ ማለት በየቀኑ ካሉት ከሁለቱ ጉድለቶች የዝቅተኛው አማካይ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ባሕሩ ከወትሮው አልፎ ይሸሻል፤ ድንጋዮቹም ይገለጣሉ። 7.5 ሲል ደግሞ ከዜሮው በላይ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይመለሳል ማለት ነው። ባሕሩ በሚናወጥበት ቀን ማዕበሉ በዚያ ላይ ይደመራል። ሠንጠረዡ የሚያውቀው ጨረቃን እንጂ አውሎ ነፋስን አይደለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሐበሾች ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሠንጠረዡ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 9:30 ጠዋት ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆች ካሉ፣ ወይም እርስ በርሳችሁ በሐበሻ ሰዓት የምትቀጣጠሩ ከሆነ፣ ቀጠሮውን በየትኛው ሰዓት እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ባሕር ዳር ላይ የስድስት ሰዓት ስሕተት ጉድለትን ሙላት ማድረግ ይችላል። ሌላው፣ አንዳንድ የታተሙ ሠንጠረዦች የበጋውን የሰዓት ለውጥ አይጨምሩም፤ መጨመር አለመጨመሩን አረጋግጡ።

ከጉድለቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ዳርቻው ላይ ብትደርሱ ከሁሉ የተሻለ ነው። ውሃው እየሸሸ እያለ ትጫወታላችሁ፤ መመለስ ሲጀምር እናንተም ወደ ላይ ትጠጋላችሁ። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አድርጉ፤ ጀርባ አትስጡት። ብዙ ትንንሽ ሞገዶች ከመጡ በኋላ አንድ ትልቅ፣ ያልተጠበቀ ሞገድ አሸዋውን አልፎ ሊወጣ ይችላል። ውሃውም ከላንጋኖ ጋር አይገናኝም፤ በበጋም ቢሆን 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ጥቂት ቢያልፍ ነው። እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከዚያ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያድንም። እግር መንከር ይበቃል።

በጉድለት ሰዓት በዳርቻው ጫፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች ሌላ ትምህርት ቤት ናቸው። ማስል የሚባሉ ጥቁር ባለዛጎል እንስሳት ድንጋዩን ሸፍነውታል፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ብርቱካንማና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው የባሕር ኮከቦች ተጣብቀዋል። ከዚህ በስተሰሜን፣ በማካህ የባሕር ወሽመጥ፣ ሮበርት ፔይን የተባለ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እነዚህን ኮከቦች ከአንድ ድንጋይ ላይ እየነቀለ ወደ ባሕር ይወረውር ነበር። ሌላውን ድንጋይ አልነካውም። ኮከቡ ማስል ይበላል። ኮከቡ የጠፋበትን ድንጋይ ማስሉ እየተስፋፋ ወረሰው፤ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው በዚያ ድንጋይ ላይ የነበሩት 15 ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። አንድ ፍጡር ቢነሣ የቀሩት ሁሉ የሚናጉበት ጊዜ እንዳለ ዓለም በግልጽ የተማረው ከዚያ ድንጋይ ነው። በ2013 የጀመረው የባሕር ኮከብ በሽታ በዚህ ጠረፍ እጅግ ብዙዎቹን ጨርሷል። ስለዚህ ስታገኟቸው በዓይናችሁ ጥገቡ፤ ከድንጋዩ አትንቀሉ። ልጅ መንካት ከፈለገ በረጠበ አንድ ጣት፣ ቀስ ብሎ ይንካ።

ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ዳርቻው ቴይለር ፖይንት በሚባል ገደል ያበቃል፤ ከገደሉ ላይ ፏፏቴ ወደ ባሕር ሲወርድ ይታያል። ብዙ ሰው እሱን ለመጠጋት ገደሉን በውሃው በኩል ዞሮ ማለፍ ይፈልጋል። በውሃው በኩል ማለፊያ የለም፤ በጉድለት ጊዜም ቢሆን። ወደዚያ ማዶ የሚሄዱ መንገደኞች ገደሉን በገመድና በመሰላል ወጥተው በጫካው በኩል ነው የሚሻገሩት፤ ያ ደግሞ የዛሬው ቀላል መንገዳችን አካል አይደለም። ፏፏቴውን ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ እዩ። ከባሕሩ መካከል የቆሙት ጥርስ የመሰሉ ዓለቶች ከ1907 ጀምሮ የባሕር ወፎች መጠለያ ሆነው ተጠብቀዋል፤ ሰው አይወጣባቸውም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ከሞገዱ ወዲያ በጀርባው የተንጋለለ ኦተር የሚባል የባሕር እንስሳ ታያላችሁ። ጠጉሩ ተፈልጎ ታድኖ ከዚህ ጠረፍ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በ1969 እና በ1970 ከአላስካ አምቺትካ ደሴት 59 ኦተሮች መጥተው ተለቀቁ። ዛሬ የምታዩት የእነሱ ዘር ነው።

አሁን ስለ ባለአገሮቹ። ይህ ጫካና ዳርቻ የኩዊልዩት ሕዝብ አገር ነው። መንደራቸው ላ ፑሽ፣ ኩዊላዩት ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ናት። ከሬድ ሲዳር ግንድ ታንኳ ፈልፍለው ዓሣ ነባሪ ያድኑ ነበር፤ ሳልሞን ዓሣ ዛሬም ኑሯቸው ነው። ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዙ ወጥቶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል፤ ድብና ንስር ሬሳውን ወደ ጫካው ይጎትቱታል፤ ዛፎቹም በሥራቸው ይመገቡታል። የወደቀው ዛፍ ደግሞ በወንዙ ወርዶ ቅድም ያየነው የዳርቻ ግንድ ይሆናል። ጫካውና ባሕሩ እርስ በርስ ይቀላለባሉ።

ይህ ሕዝብ ስለ ባሕሩ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። ጥር 26 ቀን 1700 ከዚህ ጠረፍ ባሻገር፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ መጠኑ ወደ 9 የሚጠጋ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቀኑ የታወቀው የዚያ ባሕር መናወጥ፣ ሱናሚ የሚባለው፣ ፓስፊክን ተሻግሮ ጃፓን ሲደርስ ጃፓኖች በመዝገባቸው ስለጻፉት ነው፤ እዚህ ጠረፍ ላይ ጨዋማ ውሃ ገብቶባቸው የሞቱ ዛፎችም ያንኑ ይመሰክራሉ። የጠረፉ ነባር ሕዝቦችም የውሃውን መምጣት በትረካቸው አቆይተውታል። ያ መንቀጥቀጥ አንድ ቀን ይደገማል። የኩዊልዩት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ደግሞ ለዚህ አደጋ በተጋለጠ ቦታ፣ ውሃው ዳር ነበር። በ2012 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ከብሔራዊ ፓርኩ ከፍ ያለ መሬት ለሕዝቡ ተመለሰ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት እዚያ ተሠርቶ በ2022 ተከፈተ። ልጆቻችንን ይዘን እንግዳ ሆነን የምንሄድ ሰዎች ይህን ብናውቅ ተገቢ ነው፤ መንደራቸው ውስጥ ስትገቡም የሰው ቤት እንደገባችሁ ሁኑ።

ለእናንተ የሚሆነው መመሪያ አጭር ነው። ዳርቻው ላይ ሳላችሁ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ባሕሩ ያለ ሰዓቱ ድንገት ከሸሸ፣ ዕቃ አትሰብስቡ፤ ፎቶ አታንሡ፤ ሳይረን አትጠብቁ። የመጣችሁበትን የጫካ መንገድ ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እዚያው ከፍታ ላይም ቆዩ። የመጀመሪያው ሞገድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ የሚቀጥሉት ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብሱ ይችላሉ።

ከመነሣታችሁ በፊት፦ ስልክ እዚያ በአብዛኛው ስለማይሠራ ሠንጠረዡን በወረቀት ጻፉት ወይም ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ነጠላ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ የሱፍ ሹራብ፣ መሬት የሚቆናጠጥ ሶል ያለው ጫማ ልበሱ። ዳቦ ቆሎም ሆነ ሌላ ስንቅ ስትይዙ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ራኩን የሚባለው ሌባ እንስሳ ቦርሳ መክፈት ያውቃል። ውሻ በዚህ መንገድ አይፈቀድም። ለማደር ካሰባችሁ ከፓርኩ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ፤ ምግብ ማስቀመጫውም ድብ የማይከፍተው ጣሳ መሆን አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ባሕሩም ከክረምታቸው ይልቅ የረጋ ነው። ጉድለቱ ረፋድ ላይ የሚሆንበትን ቅዳሜ ከሠንጠረዡ ምረጡ፤ ከሲያትል የምትነሡ ከሆነ ዋዜማውን ፎርክስ ወይም ፖርት አንጀለስ አድራችሁ ማለዳ ውጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከዚሁ ፓርክ ሳንወጣ ወደ ሆህ ሸለቆ እንገባለን፤ ስለ ዝናብ ጫካውና ስለ ኤልክ አጋዘኖቹ እናወጋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።